አክተሩ አፉን አይዘጋም

ሰሞኑን የያዘኝ ጌም አለ። ስሙ ይቅር። ጌሙ ቆንጆ ነው፤ ችግሩ አክተሩ ነው። አፉ አይዘጋም።

አንድ ክፍል ገባን። በሩ ተቆልፏል። ከበሩ በላይ የሚሳብ እጀታ አለ፤ እጅ አይደርስበትም። ጥግ ላይ ጎማ ያለው ሳጥን ቆሟል። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ ለሕፃን ልጅም አይጠፋውም። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ግድግዳው ላይ የተሰነጣጠቀ የድሮ ስዕል አለ። ጣሪያው ተቀዶ የገባው ብርሃን ስዕሉ ላይ አርፏል። ይህን የሠራ ሰው ስንት ሌሊት አምሽቶበት ይሆናል እያልኩ ቆሜ አያለሁ። አክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ እጀታ በሩን ሳይከፍተው አይቀርም።» ዝም አልኩት። «የሆነ ነገር ላይ ብወጣ እደርስበት ነበር።» ወደ ስዕሉ ጠጋ አልኩ። «እንዴ! ያ ሳጥን የሚገፋ ይመስላል!»

ወንድሜ፣ አንተን የማንቀሳቅስህ እኔ ነኝ። ጣቴን ከጆይስቲኩ ላይ ባነሳ እንደተገተርክ ትቀራለህ። ማን ነው ለማን የሚነግረው?

በሽታው የአንድ ጌም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት ላይ ኤሎይ የምትባል ጀግና አለች። ቦርሳዋ ሞልቶ ያነሳችው ዕቃ ወደ ማከማቻ በተላከ ቁጥር ታስታውቃለች። አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ መግለጫ። ሌላ ቅጠል፣ ሌላ መግለጫ። ተጫዋቹ ከማማረሩ የተነሳ ሠሪዎቹ በኋላ ባወጡት ማሻሻያ ወሬዋን ቀነሱት። በዚያው ዓመት በወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ደግሞ አክተሩ ክሬቶስ ራሱ ቁጥብ ነው። አብረውት የሚሄዱት ናቸው አንተ እንቆቅልሹን ዞር ብለህ ሳታየው መልሱን የሚዘረግፉት።

ከተረቶች ሁሉ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን እወዳለሁ። ሁለት ቃል ነው፣ አለቀ። ሌሎችን የሚመክረውን መጀመሪያ ራሱ ይፈጽማል። ስለ ዝምታ ጥቅም ግማሽ ሰዓት የሚያስረዱ ሰዎች ገጥመውኛል፤ በዚህ ተረት አንድም ቀን ሲጠቀሙ አልሰማሁም።

ድሮ የጌም አክተሮች ዝም ይሉ የነበረው ጨዋ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ቦታ ስላልነበረ ነው። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብዙ እጥፍ ትበልጠዋለች። ከ40 ኪሎባይት ላይ ማን ለወሬ ይቆርሳል? ማሪዮ ዘሎ፣ ረግጦ፣ ልዕልቷን አድኖ ይሄዳል። በዓመቱ የመጣው ዜልዳ የሚባለው ጌም አክተር፣ ሊንክም እንደዚያው። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ቦታ ተገኘ፣ ድምፅም ገባ። አንዳንዶቹ ግን ዝምታውን ወደውት ቀሩ።

የዝምተኞቹ ቁንጮ ጎርደን ፍሪማን ነው፤ የ1998ቱ ሃፍ ላይፍ አክተር። ሰውየው ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ዶክትሬት የያዘ ምሁር ነው። የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ተናጋ፣ ከሌላ ዓለም ጭራቅ ጎረፈ፣ ባልደረቦቹ ዓይኑ እያየ አለቁ። እሱ የብረት ዘንጉን አንስቶ መንገዱን ቀጠለ። ቃል አልወጣውም። በ2004 ሁለተኛው ክፍል ሲወጣም አልተናገረም። አሊክስ የምትባለው አጋሩ ገና ሲተዋወቁ «ወሬ አታበዛም አይደል?» ዓይነት ቀልድ ትወረውርበታለች። ለዚያም መልስ የለውም። ሁሉም ግን ይወደዋል። ሳይንቲስቱ ምስጢሩን ያወጣለታል፣ ታጋዩ ከኋላው ይሰለፋል፣ በመልክ የማያውቀው ሰው ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይበራል። ምን ስላደረገ? ዝም ስላለ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቂም አለኝ።

ድሮ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ዓይነት ባልደረባ ነበረን። ስብሰባ ላይ አገጩን ይዞ ይቀመጣል። ራሱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል። አልፎ አልፎ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ያሰፍራል። «ጥልቅ ሰው ነው» ይባል ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አራት ማዕዘን ነበር። አራት ማዕዘን ውስጥ አራት ማዕዘን፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ። አንዳንዶቹን በእስክሪብቶ አጥቁሯቸዋል። በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው፣ አልዋሽም።

እኔ ደግሞ እናገር ነበር። ይህ ቢደረግ ይሻላል፣ ያ ሒሳብ አይመጣም፣ ይሄን እኮ አምናም ሞክረነዋል እያልኩ። የሹመት ጊዜ ሲመጣ እሱ «የተረጋጋ» ተባለ፤ እኔ «ችኩል» ተባልኩ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ሌላው ተረት። የእኔ ተናግሬ ነው የቀረው።

ይሁን። ይህንንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሰውዬው እንደተሾመ አፉ ተፈታ። ማታ ኢሜይል ይልክልናል። ጠዋት ይሰበስበናል። ያንኑ ኢሜይል ፕሮጀክተር ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ቆሞ ያነብልናል! ማንበብ የምንችል ሰዎች ነን። ለዚያ ነው የተቀጠርነው። አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ «በሌላ አነጋገር» ይልና ያንኑ ይደግመዋል። ሌላ አነጋገር የለውም እኮ! ያ ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ ሲያጠራቅም የኖረው ይህን ነበር?

እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ በየቦታው አለ። አብሮህ ፊልም እያየ «አሁን ሊገለው ነው» የሚልህ አለ። «ደውዬልህ አላነሳህም» ብሎ በጽሑፍ የሚልክልህ አለ፤ ያላነሳሁትን ስልክ መቁጠሪያ ያለው መሣሪያ እጄ ላይ እያለ። ሰባት ደቂቃ የሚረዝም የድምፅ መልእክት ልኮ አራቱን ደቂቃ «እ... ምን ልልህ ነበር...» የሚልም አለ። ልትለኝ የፈለግከው ሲታወስህ ላከዋ! ማን አስቸኮለህ?

በ2016 የወጣውን ዱም የሚባል ጌም የምወደው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በስክሪን በኩል ስለ ሁኔታው ሊያብራራለት ይጀምራል። አክተሩ ስክሪኑን ይዞ ይወረውረዋል። ትንሽ ቆይቶ ሊፍት ውስጥ ያው ሰውዬ ያ ሁሉ ጥፋት ለሰው ልጅ ጥቅም ሲባል የመጣ መሆኑን ያስረዳዋል። አክተሩ ወለሉ ላይ የወደቀውን ሬሳ ያያል። ጣቶቹን ያንቋቋል። ከዚያ ድምፁ የሚወጣበትን መሣሪያ በቡጢ ይለዋል። ቃል ሳይተነፍስ አቋሙን አሳወቀ። እኔ ያየሁት ግን የኛን መሥሪያ ቤት ፕሮጀክተር ነው። ያችን ቦታ ደጋግሜ ተጫውቻታለሁ።

እርግጥ ዝምታም ሲበዛ ያስቃል። በ2017 በወጣው የዜልዳ ጌም፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ላይ፣ ልዕልቷ በድምፅ ትናገራለች፣ ሊንክ ግን አይናገርም። ሠሪዎቹም የጨነቃቸው ይመስለኛል፤ በልዕልቷ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ምክንያቱን ጻፉለት። የሁሉ ሰው ዓይን እሱ ላይ ስለሆነ ጠንክሮ መታየት አለበት፣ ሸክሙን በዝምታ መሸከም አለበት ይላል። ያሳዝናል። ግን የገዛ ማስታወሻው ቢገኝስ? እኔ አራት ማዕዘን ነው የምጠብቀው።

መናገርን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በ2008 በወጣው ዴድ ስፔስ አይዛክ ክላርክ የሚባል መሐንዲስ አለ። የጠፈር መርከቡ በሙሉ በጭራቅ ተወሯል፤ ከእሱ ጋር የቀሩት ሰዎች በሬዲዮ ያዙታል። ያንን ጠግን፣ ይሄን አብራ፣ ወደዚያ ሂድ። አንድም ጊዜ «እናንተስ?» አይልም። በ2011 ሁለተኛው ክፍል ላይ አፍ አወጣና ሰው ሆነ። የራሱ ፍርሃት፣ የራሱ ንዴት ነበረው። የሚናገረው የራሱ ነገር ያለው ሰው ይናገር። ስለ ሳጥን ግን አይንገረኝ።

ድምፅ ሲገባ የሚቀንስ ነገርም አለ። ፎልአውት 3 በ2008 ሲወጣ አክተሩ አይናገርም። የሚባለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተዘርዝሮ ይቀርብልሃል፣ በልብህ በራስህ ድምፅ ታነበዋለህ። በ2015 ፎልአውት 4 መጣ። ለወንዱም ለሴቷም አክተር ድምፅ ተቀጠረ፤ እያንዳንዳቸው ከ13 ሺህ በላይ መስመር ቀረጹ። ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ የሚቀረጽ ከሆነ ምርጫው መቀነሱ አይቀርም። አራት ቁልፍ፣ አራት ምርጫ፣ እሱም በቁንጽል። «አሽሙር» የሚለውን ትነካለህ፤ ምን ብሎ እንደሚያሾፍ ግን አስቀድሞ አይነገርህም። በአንተ ስም የሆነ ነገር ይናገርና ሰው ይቀየምሃል። ተጫዋቾች ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያሳይ ማሻሻያ ራሳቸው እስከመሥራት ደረሱ። ያው የፎልአውት 4 ሠሪ ድርጅት በ2023 ስታርፊልድ የሚባለውን ጌም ሲያወጣ አክተሩን መልሶ ዝም አሰኘው።

ወደ እኔው አክተር ልመለስ፣ ረሳሁት እኮ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አገላበጥኩ። ሙዚቃ መቀነስ ይቻላል። የተኩስ ድምፅ መቀነስ ይቻላል። የፊደሉ መጠን፣ የፊደሉ ቀለም፣ ከፊደሉ ኋላ ያለው ጥላ ሳይቀር ማስተካከያ አለው። የአክተሩ አፍ የለውም። የንግግር ድምፅ የሚለውን ዜሮ ላይ ባደርገው ሁሉም ድዳ ሆኑ፤ ጨዋታዋን የምወድላት አሮጊት ሳትቀር። መጨረሻ ላይ ቋንቋውን ወደ ጃፓንኛ ቀይሬ ከታች የሚወጣውን ጽሑፍ አጠፋሁት። አክተሩ አሁንም ይለፈልፋል፤ እኔ ግን ቅኔ እየዘረፈ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ታሪኩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አላውቅም። ትናንት አንድ ሽማግሌ እጄን ይዞ ብዙ አለቀሰና አንድ ቁልፍ ሰጠኝ። የምን ቁልፍ እንደሆነ እንጃ፤ ተቀበልኩት።