ትንኝ ይበላልናል ብላችሁ ደቻቱ ላይ ዓሣ አትልቀቁብን

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «ከተማችንን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ላይ በተቋጠረው ውኃ ጋምቡዚያ ዓሣ እንልቀቅ። የሚበላው የትንኝ እጭ ብቻ ነው፣ ጉዳት የለውም» አሉ። ከተሰብሳቢው ማንም አልጠየቃቸውም!

ዓሣ የወባ መከላከል ሠራተኛ አይደለም። አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ጋምቡዚያ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ትንኝ ያጠፋል ተብሎ በየአገሩ ተበተነ። ዛሬ የዓለማችን 100 አስከፊ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ። የሌላ ዓሣ እንቁላል ይበላል። እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ልጅም አይምርም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የውኃ ተርብ እጭን መብላቱ ነው።

ይህ እጭ ወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ውኃ ውስጥ ይኖራል። የታች ከንፈሩ እንደ ክንድ የታጠፈ ነው። የትንኝ እጭ ሲያልፍ ወርውሮት ለቀም ያደርገዋል። ትልልቁማ የዓሣ ጫጩት ሳይቀር ይይዛል። ውኃ ውስጥ በላተኛውን የሚወስነው መጠን ነው፤ ዛሬ ነፍሳቱ ዓሣውን ይበላል፣ ነገ ዓሣው ነፍሳቱን። ጋምቡዚያ ሲገባ ገላጣው ውኃ ውስጥ ያለው የተርብ እጭ ያልቃል። የትንኙ እጭ ግን ዳር ዳሩን፣ አረንጓዴው ዝቃጭና ሣሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይተርፋል። ትንኝ በእኛ ሙቀት በሳምንት፣ በአሥር ቀን አድጎ ይበራል። ተርቡ ቦታውን ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ ትንኙን ማን ሊበላልን ነው?

ደግሞስ ደቻቱ የት ነው ዓሣ የሚያኖረው? በበጋ አሸዋ ነው። ክረምት ሲመጣ ምን እንደሚሆን የሐምሌ 1998 ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶ አሳይቶናል። ዓሣው ወይ ይደርቃል፣ ወይ ታች ወዳለው ውኃ ይወሰዳል። እዚያ የሚያደርሰውን ጥፋት ማን ይመልሳል?

በ2014 ከተማችንን ያመሰው ወባ ወቅቱን ጠብቆ የመጣ አልነበረም። ያመጣችው አዲሷ የወባ ትንኝ፣ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ፣ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ቀብሪደሃር ነው። ጅረት ላይ ትገኛለች፣ እሺ። ዋናው ቤቷ ግን ሮቶው፣ በርሜሉና የግንባታ ገንዳው ነው። ከወንዝ ጋር የማይገናኝ ገንዳ ውስጥ የአገር ዓሣ ይግባ ቢባል አልከራከርም።

ቧንቧው ስለሚጠፋ ነው ሰው በርሜል የሚሞላው። ለዓሣ የሚወጣ ብር ካለ ለሮቶ ክዳንና ለበርሜል መሸፈኛ ይዋል። ከገንደ ቆሬ ሰፈር ይጀመር፣ እስከ ከዚራ ሰፈር ይድረስ።