«የግል አስተያየቴ ነው» ማለት አያድንም

እዚህ ኮሜንት ላይ ብዙዎች፣ ፕሮፋይል ላይ «የግል አስተያየቴ ነው» ብለን ከጻፍን መሥሪያ ቤታችን ምንም ሊለን አይችልም እያላችሁ ነው። ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላርም። ያቺ ዓረፍተ ነገር የድርጅቱ አቋም አለመሆኑን ትናገራለች፤ በቃ።

ጣና ዳር ያለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ባጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ሰልፊ ለጠፈ እንበል። ከጀርባው የእንግዳ ፓስፖርት ተገልጦ ይታያል። አሁን «የግሌ ነው» ምን ያደርግለታል? የሰው ምስጢር ወጥቷል፣ እሱም በዲሲፕሊን ሊጠየቅ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም (የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭቱ) የግል ገጽን ነጻ አያደርግም። እንዲያውም ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

ለማጣራት ነጋሪት ጋዜጣውን እዩ። የሥራ ውላችሁንና የድርጅቱን የሥራ ደንብም ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቃችሁ አንብቡ።