ይድረስ ቡፌያችን ላይ መቆም ላቃተው ጀግና

ለክቡር ስፓይደርማን
ደሴ፣ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ

ጉዳዩ፦ በገዛ እግርህ እንድትቆም ስለማሳሰብ

አንቱ ልበልህ ወይስ አንተ የሚለው ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየኸው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በዕድሜ ከሄድን አባቴን ታክላለህ። ግን 15 ሳንቲ ሜትር ለማትሞላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት አንቱ ማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቅር ካለህ ተነስተህ ንገረኝ። መነሳት ከቻልክ ማለቴ ነው።

በታሪክህ ግድግዳ ትወጣለህ። ኒውዮርክ ውስጥ ከፎቅ ፎቅ ትዘላለህ አሉ። እኛ ቤት ግን ወደ ወልዲያ የሚሄድ ተሳቢ በዋናው መንገድ ባለፈ ቁጥር በአፍጢምህ ትደፋለህ። እሺ፣ ብቻህን ብትደፋ ምን ነበር? የእናቴን ስኒ ይዘህ ትወርዳለህ እንጂ። ያውም ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ እኛ ልጆቿ ጠጥተንበት የማናውቀውን ስኒ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ያንተ ድር አንድ ስኒ መያዝ አቃተው። ከቡፌው ጀርባ እውነተኛ ሸረሪት አለች። ማንም ፖዝ አላስያዛትም። ወድቃ ግን አላየኋትም።

ታናሽ ወንድሜ ጠበቃህ ነው። «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ክብደቱ ከሁለት እግሮቹ መሃል ስለወጣ ነው» ይለኛል። 30 ገደማ መጋጠሚያ አለህ አሉ። ክርንህና ጉልበትህማ ሁለት ሁለት ቦታ ይታጠፋሉ። እግር ሰፋ፣ ጉልበት ሰበር፣ ወገብ ዞር፣ አንገት ወደ በሩ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ቁርጭምጭሚትህ ላይ የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ስህተት ካለች ሌሊት ትወርዳለህ። ቀጥ አድርገህ አቁመውና እንገላገል ብለው ደግሞ «ዘበኛ አስመሰልሽው» ብሎ ተቆጣ። ዘበኛ ምን ነውር አለው? ዘበኛ ቢያንስ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል።

እናቴ አንድ ቀን ፊትህ ተንበርክኮ አገኘችው። ስሙን ጠርታ ጮኸች። እሱ ግን ወይ ፍንክች። ለካ ካንተ ዓይን ትክክል ዝቅ ብሎ እያየህ ነው። ፖዝ የሚታየው ከዚያ ነው አሉ።

ስለዚያ ቁጢጥ ብለህ ስለምትቀመጠው ነገርም እንነጋገር። የታወቅክበት አቀማመጥ እንደሆነ ተነግሮኛል። ጉልበት እስከ ጆሮ፣ አንድ እጅ መሬት ላይ። ለጎረቤቶቻችን ግን ማን ያስረዳልን? ባለፈው ለቡና የመጡ እናት ስኒያቸውን ይዘው ትክ ብለው ሲያዩህ ቆዩ። ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ምንም አላሉም። በኋላ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው «ይኸ ሰውዬ ሆዱን ነው የሚያመው?» አሉ። እናቴ ምን ትበል? «አብሽሩ፣ ይሻለዋል» አለቻቸው። በረካው ላይ ዱአ አደረጉልህ። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ስለጤናህ ይጠይቃሉ።

ጤና ካልን ዘንድ፣ ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅብን ሰው ሁሉ ይጨማደዳል። አንተ ግን ፕላስቲክ ነህና በብርድ ትደርቃለህ። ደርቀህ በግድ ብትታጠፍ መጋጠሚያህ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ወንድሜ ጠዋት ተነስቶ ውኃ ያሞቃል። ለሻይ መስሎኝ ኩባያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እሱ ግን የሞቀውን ውኃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገልብጦ ያንተን ጉልበት ዘፈዘፈ። አባቴ ቁርጥማቱን እያሻሸ ከሶፋው ላይ ሁሉንም አየ። የአባቴ ጉልበት ስንት ክረምት አለፈበት፣ አንድም ልጅ ውኃ አሙቆለት አያውቅም። እኔንም ጨምሮ፤ ግን ዛሬ የሚከሰሰው አንተ ነህ።

ፀሐይም ከልክለኸናል። በደሴ ክረምት ፀሐይ ብቅ ስትል ሰው ወንበሩን ይዞ ይወጣል። እኛ መጋረጃ እንዘጋለን። ለምን ቢባል ቀይና ሰማያዊህ እንዳይደበዝዝ ነው። ፀሐይ የፕላስቲክ ቀለም ማጥፋቷ እውነት ነው፣ አልክድም። የኛስ ፊት? ከጥቅምት በፊት ወዝ የሚባል ነገር አላየንም እኮ!

የሜካፕ ብሩሼን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ካስረዘምኩት እሳደባለሁ። አቧራህ የሚጠረገው በሱ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ቀለምህን አይጭርም አሉ። ሠርግ ልሄድ ስል ያንተን የብብት አቧራ ጉንጬ ላይ ቀብቼ ወጣሁ።

ደግሞ እኮ ከጫማህ ሥር ቀዳዳ አለ። ገልብጬ ነው ያየሁት። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ካስማ ያለው ማቆሚያ እንዲሰካበት ነው ተባልኩ። ልብ በል! የሠሩህ ሰዎች ራሳቸው እንደማትቆም አውቀው ነው የላኩህ። ማቆሚያ ይገዛልህ ስል ወንድሜ ክብርህን የነካሁ ያህል ተቆጣ። ማቆሚያ ለሚበሩት ነው ይላል። ወይ ክብር! ሦስት ስኒ ሰብሮ የጨረሰ ሰው ስለክብር ያወራል። የወገን ታላላቆችህ እንኳ እንዳንተ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ጂ.አይ. ጆ የሚባለው የወታደር አሻንጉሊት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። አንተ በግማሽ አንሰህ ጣጣህ በእጥፍ ጨመረ።

ወደ ኮምቦልቻ ልልክህም አስቤ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደህ አክስቴ ቤት ትገባለህ። አክስት ቤት ማደግ ለአንተ አዲስ አይደለም። አየሩም ሞቃት ነው፣ ጉልበትህ ይፍታታል አልኩ። ወንድሜ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሙቀት ሲበዛ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቆሞ የከረመ እግር ቀስ እያለ ይጎብጣል፣ ከዚያ ዘንበል፣ ከዚያ ዘጭ። እንግዲህ ብርድም አይሆንህም፣ ሙቀትም አይሆንህም፣ ፀሐይም አይሆንህም። ዓለምን የምታድነው መቼና የት ሆነህ ነው?

ስለሆነም ከዛሬ ጀምሮ የሚከተለው እንዲፈጸም አሳስባለሁ። ማቆሚያው ይገዛል፤ ክብርህ በሱ ላይ ይሰካል። ስኒዎቹ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይመለሳሉ፣ አንተ ወደ ታችኛው ትወርዳለህ። ቢወድቁብህ ያዛቸው፤ ሥራህ ነው። ጠዋት የሚሞቀው ውኃ መጀመሪያ ለሻይ፣ ቀጥሎ ለአባቴ፣ ከተረፈ ላንተ ይሆናል። መጋረጃው ይከፈታል። ብሩሼ እስከ ቅዳሜ ታጥቦ እንዲመለስ።

ከሰላምታ ጋር
የቡፌው ባለድርሻና የጠበቃህ ታላቅ እህት

ግልባጭ፦
ለወንድሜ፣ ለአፈጻጸም
ለእናቴ፣ ከስኒው ስብርባሪ ጋር
ለአክስቴ፣ ኮምቦልቻ፣ ምናልባት ከመጣ ፍሪጅ ላይ እንዳታስቀምጠው፤ ፍሪጅ ይንቀጠቀጣል