በረሃ አራተኛ ፎቅ ላይ

ባለቤቴ ሳሎናችንን በረሃ ልታደርገው የወሰነችው ሐምሌ ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ ይዘንባል። እኔ ካልሲ ደርቤ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን ለማወቅ ሐምሌ ላይ የጂኦግራፊ መምህር አያስፈልግም፤ ጉልበቴ ይነግረኛል።

ቀለም ቀቢው መጣ። ስልኳን አሳየችው። «ይሄ የበረሃ አሸዋ ይባላል፤ ያኛው የተቃጠለ ሸክላ።»

ልጁ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው፣ አጋደመው። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው» አለ። «የእናቴ ቤት ግድግዳ እንዲህ ነው። ኖራ ቀቡልኝ እያለች ስትጨቀጭቀን ትከርማለች።»

ጭቃና «ተፈጥሯዊ ቃና» እንደማይገናኙ ረጅም ማብራሪያ ተሰጠው። ልዩነቱ ለእኔ የገባኝ ሒሳቡን ስከፍል ነው።

ቀጥሎ ትራሶቹ መጡ። ቢጫም አረንጓዴም የሆኑ፣ «የዳሎል ቀለም»። ዳሎል እንግዲህ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ነው። ቢጫው ድኝ ነው፣ ውሃው አሲድ፤ ይታያል እንጂ እጅ አይነከርበትም። ትራሶቹም እንደዚያው ናቸው። መደገፍ ክልክል ነው፣ ይጨማደዳሉ። ስለዚህ ሶፋዬ ጫፍ ላይ፣ እንደ ሽማግሌ ተላኪ ቁጢጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

ከሶፋው በላይ ባና ተሰቀለ። አዎ፣ የመንዝ ባና። የመንዝ ሰው ያንን ብርድ የሚያልፈው እሱን ለብሶ ነው። እኛ ቤት ግን ቡኒና ጥቁር መስመሩ «የአሸዋ ሞገድ» ሆኗል። ልልበሰው ብዬ ብጠይቅ «ዎል አርት ነው!» ተባልኩ። ከጎኑ ሦስት ግመሎች በፍሬም ተሰቅለዋል።

በሳምንቱ አጎቷ ከሎግያ መጡ። ከሙቀቱ ሸሽተው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ሊሉ። በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩት።

«ልጄ፣ ሳይቀባ ነው እንዴ የገባችሁበት?»

ከዚያ ግመሎቹን ጠጋ ብለው መረመሩ። «ጨው አልጫኑ። ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ለሽርሽር ይሆናል» አልኩ።

«ግመል ለሽርሽር!» ብለው ስልካቸውን አወጡና የራሳቸውን ሳሎን አሳዩን። ግድግዳው ሰማያዊ ነው። የፕላስቲክ ሐረግ ጥግ ለጥግ ይዞራል። መሃል ላይ፣ በረዶ ከለበሰ ተራራ የሚወርድ ፏፏቴ አለ፤ ድሮ በየቤቱ የነበረው ዓይነት። «ምሳዬን እሱን እያየሁ ስበላ ይቀዘቅዘኛል» አሉ። ባለቤቴ መልስ አልሰጠችም።

እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ቧንቧው ትንሽ አፏጨና ዝም አለ። የሰፈራችን ተራ ሐሙስ ነው። ከጀሪካን ቀድቼ አስታጠብኳቸው።

«እዚህ ላይስ በደንብ ሠርታችሁታል» አሉ።

ሳሎን አደሩ። ጠዋት ሻይ ልጥድ ስወጣ ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር ብቻ ቀርቷል። የአሸዋ ሞገዱ አጎቷ ላይ ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። የዳሎል ትራሶች በሙሉ እግራቸው ሥር ተነጥፈዋል።

«ጋሼ!» አለች ባለቤቴ ከኋላዬ።

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ በረሃችሁ ብርድ ነው።»

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አልኩና የተረፈውን የባና ጫፍ ወደ ጉልበቴ ሳብኩት።