በዋስ መውጣት ነጻ መባል አይደለም

ወንድሜ፣ «ታዋቂ ሰው ስለሆነ በዋስ ወጣ፣ በቃ ነጻ ተባለ፤ ድሃ ቢሆን እዚያው ይበሰብስ ነበር» ብለሃል። ደብረ ብርሃን ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ይህንኑ ይላል። ግን ስህተት ነው። ዋስትና ክሱን አይዘጋውም። ሰውዬው ውጭ ሆኖ በቀጠሮው ቀን ችሎት እንዲቀርብ ነው የሚያስገድደው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በዋስ የመውጣትን መብት ለታሰረ ሰው ሁሉ ሰጥቷል፤ ሕግ በደነገጋቸው ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ይከለከላል። ባሶና ወራና ውስጥ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የታሰረ ገበሬም ዋስ ጠርቶ ይወጣል። ዘመዱ የደመወዝ ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልሎ ፍርድ ቤት ደጅ ሲጠብቅ አይተህ ይሆናል። ብር አስይዝ ሲባል ለሀብታም እንደሚቀለው ግን እውነትህን ነው።

አድልዎውን ከፈለግህ ሚዲያው ጋ ፈልገው። አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹህ ይቆጠር ይላል። እነሱ ግን ሰውዬው ሲያዝ ሰበር ዜና፣ ፎቶው ከነካቴናው! በነጻ ሲሰናበት ጭጭ። የሚወዱት ሰው የተያዘ ዕለት ደግሞ፣ «ፍርድ ቤት እስኪወስን እንታገስ» ይሉሃል።