ገመዱን ቁረጡ፣ ጅራቱን ተዉት

የግሪንላንድ ሻርክ በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር ግዙፍ አዳኝ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል፤ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ጨለማ ውስጥም ታይቷል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ምስጢሩ የተገኘው ከዓይኑ ነው።

የዓይኑ ሌንስ እምብርት የሚሠራው ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። ሌንሱን እንደ ሽንኩርት ንብርብሩን እየላጡ መሐሉ ላይ ሲደርሱ፣ ሻርኩ በተፈጠረበት ዘመን የገባው ካርቦን እንዳለ ይገኛል፤ ዕድሜው የሚሰላውም ከዚህ ካርቦን ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት የ28 እንስቶችን ዓይን በዚህ መንገድ መረመሩ። ትልቋ 392 ዓመት ገደማ ተገመተች። የስሌቱ ስህተት ወደላይም ወደታችም 120 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ሁሉንም ወደታች ብንቀንሰው እንኳ 272 ዓመት ኖራለች ማለት ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ እንስቷ ለመውለድ የምትደርሰው በ150 ዓመቷ ገደማ ነው።

ይህን ፍጡር ዛሬ የሚገድለው ፈላጊው አይደለም። ትኩስ ሥጋው መርዛም ነው፤ የሚበሉት አይስላንዳውያንም አብላልተውና ለወራት ሰቅለው ካደረቁት በኋላ ነው። ለጉበቱ ዘይት ሲባል በገፍ ይታደን የነበረበት ዘመንም አልፏል። አሁን የሚሞተው ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ መረብና መንጠቆ ነው። በመንጠቆ የተያዘ ሻርክ ሲገላበጥ ገመዱ ጅራቱ ላይ ይጠመጠማል። ገመዱን ማትረፍ የፈለገ አሥጋሪ ደግሞ ጅራቱን ቆርጦ የሚገላገልበት ጊዜ አለ። ጅራት የሌለው ሻርክ ወደ ባሕር ተመለሰ አይባልም፤ ተጣለ እንጂ።

የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ የዓሣ ሀብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መርከቦች ይህን ሻርክ ይዘው እንዳያስቀሩ ከልክሏል። ውሳኔው መልካም ነው፤ ደግፌዋለሁ። ነገር ግን ብዙዎቹ አሥጋሪዎች ድሮም ሻርኩን ይዘው መሄድ አልፈለጉም። የሚያስፈልገው በሕይወት እንዲለቀቅ ማድረግ ነው፦ መንጠቆው ውኃ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት ማሳጠር፣ ሻርኮቹ በሚበዙበት ቦታ ማጥመድን መከልከል፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ገመዱን እንጂ ጅራቱን አለመቁረጥ። ለአሥጋሪው ገመድ ገንዘብ ነው፤ ይገባኛል። ስለዚህ የተቆረጠውን ገመድ ዋጋ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ይክፈል። ዘንድሮ በመንጠቆ የምትሞተውን እናት የምትተካ ግልገል ዛሬውኑ ብትወለድ፣ ለመውለድ የምትደርሰው እ.ኤ.አ. ከ2170 በኋላ ነው።