የተደበቀ ሌየር መደበቁን በግልጽ የሚናገር ምልክት ይገባዋል

ጅማ ውስጥ የባነርና የፖስተር ሥራ የሚሠራ ሰው አንዱን ሥራ ብዙ ጊዜ ሦስት አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው። የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ አለ፣ የአማርኛው አለ፣ አንዳንዴም የእንግሊዝኛው ይጨመራል፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ በየራሳቸው ሌየር፣ ማለትም እንደ ብርሃን አስተላላፊ ወረቀት አንዱ በሌላው ላይ በሚነባበር ገጽ፣ ተቀምጠው አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ ተብሎ የተቀመጠው የቀድሞ ቀለም፣ የቀድሞ ፎቶግራፍና የቀድሞ ስልክ ቁጥርም እዚያው ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ለእኛ ፋይሉ ማለት በስክሪኑ ላይ የምናየው ብቻ ሳይሆን እንዳይታይ አድርገን ያስቀመጥነውም ጭምር ነው። ሁለቱን የምትለይልን በሌየሮቹ ዝርዝር ዳር ያለች፣ ከቡና ፍሬ የምታንስ የዓይን ምልክት ናት። የዚህች ምልክት አሣሣል የውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ የምርቃት ሰሞን ለአንድ ቤተሰብ የ3 ሜትር ባነር ሠርቼ ነበር። የተመራቂውን አባት ስም በመጀመሪያ «ከዲር» ብዬ ጻፍኩት፤ ቤተሰቡ «ከድር» ተብሎ እንዲታረም ነገሩኝ። የቀድሞውን ሌየር ደበቅሁ፣ በቅጂው ላይ ስሙን አረምኩና ፋይሉን ዘጋሁ። በማግስቱ ሌላ ነገር ለማስተካከል ስከፍተው መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪ ለመቆጠብ የላፕቶፑን ብርሃን ቀንሼዋለሁ፤ ከጀርባዬ ያለው በር ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የምሠራበት ፕሮግራም ገጹ ጥቁር ግራጫ ሲሆን፣ የተደበቀን ሌየር የሚያሳየው ያችኑ ክፍት ዓይን በጥቂቱ አደብዝዞ ነው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል የበሩ መሰሉኝ። «የድሮው ሳይጠፋ ቀርቷል» ብዬ የቀድሞውን ሌየር ዓይን ጠቅ አደረግሁ፤ በእርግጥ ያደረግሁት ግን የጠፋውን መልሶ ማብራት ነበር። ሁለቱ ስሞች ልክ በልክ ስለተደራረቡ ባነሩ በትንሿ ስክሪን ላይ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ታትሞ ሲወጣ ግን በ«ድ» እግር ሥር የ«ዲ» ጭረት ወጥታለች፣ የመጨረሻዋ «ር» ደግሞ ጥላ ያረፈባት ትመስላለች።

ባነሩን በራሴ ወጪ ደግሜ አሳተምኩ፤ ከማሳተም በፊት አጉልቼ ማየት የእኔ ኃላፊነት ነበርና። ያም ሆኖ ስህተቱ የተፈጠረው በቸልተኝነት ብቻ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ምልክቷን አይቻታለሁ፣ ለማንበብም ሞክሬአለሁ፣ ያነበብኩት ግን የተገላቢጦሹን ነው። የሚያይ ሰው ካየ በኋላ የሚሳሳት ከሆነ ጉድለቱ በምልክቷ አሣሣል ውስጥ አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ምልክቷ የምትናገረው አሁን ያለውን ሁኔታ ነው ወይስ ጠቅ ሲደረግ የሚሆነውን የሚለው ነው። በስልካችን ላይ የይለፍ ቃል በምንጽፍበት ሳጥን ውስጥ ያለችውን ዓይን እናስታውስ። በአንዱ መተግበሪያ ክፍቷ ዓይን «ቃሉ አሁን እየታየ ነው» ማለት ስትሆን፣ በሌላው «ለማየት እዚህ ይጫኑ» ማለት ናት። እዚያ ብዙ ጉዳት የለውም፤ አንድ ሳጥን ብቻ ስለሆነ ነክቶ ማረጋገጥ ይቻላል። የሌየር ዝርዝር ግን ሠላሳና አርባ ረድፍ ይኖረዋል፣ ዓይኖቹም ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ዓምድ በአንድ እይታ ይነበባሉ፤ እያንዳንዱን እየነኩ መፈተን ሥራውን ራሱን ማበላሸት ነው። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ምልክቷ ሁኔታን ብቻ እንድትናገር እጠይቃለሁ፤ ክፍት ከሆነች ሌየሩ ይታያል፣ ካልሆነች አይታይም።

ሁለተኛውና እኔን የጎዳኝ ጉዳይ ማደብዘዝ ነው። በኮምፒውተር ዓለም የደበዘዘ ነገር ትርጉሙ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ደብዝዞ የሚታይ የሜኑ ትእዛዝ «አሁን አይሠራም፣ አትንካኝ» ይላል። የተደበቀ ሌየር ዓይን ግን ትሠራለች፤ እንዲያውም ሌየሩን መልሶ ለማብራት የምንነካት እሷኑ ነው። የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.1 እትሙ፣ ትርጉም ያላቸው ምልክቶች ከጀርባቸው ካለው ቀለም ጋር ቢያንስ 3 ለ1 የሆነ የብርሃን ንፅፅር እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርገው የማይሠሩ አዝራሮችን ነው። መመሪያው የተጻፈው ለድረ ገጽ ቢሆንም ለምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞችም ጥሩ መለኪያ ይሆናል። የተደበቀ ሌየርን ዓይን ማደብዘዝ እንግዲህ የምትሠራን አዝራር የማትሠራ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ያው መመሪያ መረጃ በቀለም ልዩነት ብቻ እንዳይተላለፍም ይከለክላል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች በየሙያው ስላሉ አረንጓዴና ቀይ ዓይን መሣልም መፍትሔ አይሆንም።

ልዩነቱ በቅርጽ መሆን አለበት። በጥንታዊው የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ብቻ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ከሩቅ ይለያቸዋል፤ ቀለሙ በጢስና በዘመን ብዛት ቢጠቁርም እንኳ ቅርጹ ይናገራል። ሠዓሊዎቹ የፈቱት ችግር በብዙ መልኩ የእኛው ነው።

ፎቶሾፕ ሌየር የሚባለውን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በ3.0 እትሙ ሲሆን፣ በዚህ ፕሮግራም ሌየር ሲደበቅ ዓይኗ ትጠፋና ሳጥኗ ባዶ ትቀራለች። ይህንን ዘዴ ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር፤ አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። በአንድ ዓምድ ላይ «አለ» እና «የለም» ከሚሉት የበለጠ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት የለም። ችግር የሚሆነው የሳጥኗ ጠርዝ ሳይሣል ሲቀርና ባዶነቱ እንደ ተራ ባዶ ቦታ ሲታይ ነው። አንዲት ሠልጣኜ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ስትሠራ አንድ ሌየር በስህተት ደብቃ «ጋሼ፣ ጠፋብኝ» አለችኝ። ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ እንዳለ እያየች ይዘቱ የተሰረዘ መስሏት ግማሹን ሥራ እንደገና ሠርታው ነበር። ባዶው ቦታ ላይ ጠቅ ማድረግ እንደሚቻል የሚነግራት አንድም መስመር አልነበረም። ማውስ ሲያልፍበት ብቻ ብቅ የምትል ዓይንም ያው ናት፤ በንክኪ ስክሪን ላይ ደግሞ የሚያልፍ ማውስ ጭራሽ የለም።

ሌላው መንገድ ለመደበቅም የራሱን ሥዕል መስጠት ነው። ኢንክስኬፕ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም የተጨፈነ ዓይን ያሳያል፤ ሌሎች ክፍቷን ዓይን በሰያፍ መስመር ይሰርዟታል። የአርክቴክትና የሲቪል ምህንድስና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አውቶካድ ደግሞ ዓይንን ትቶ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል መርጧል፤ እኛም በንግግር «ሌየሩን አጥፋው፣ አብራው» ስለምንል ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ምልክት የሚቀርብ ይመስለኛል። የተጨፈነችው ዓይን ታምራለች፣ መጠኗ ሲያንስ ግን አትነበብም። በብዙ የከተማችን ሱቆች ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ስክሪኑ 15.6 ኢንች፣ ጥራቱም 1366 በ768 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ነው፤ በዚህ ላይ የ16 ፒክስል ምልክት ስፋቷ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አንዲት ፒክስል ደግሞ ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ሽፋሽፍቶቹ በዚህ መጠን ተጨማድደው እድፍ ይመስላሉ። ሰያፉ መስመር ይሻላል፣ በሁለት ፒክስል ውፍረት ከተሣለና በግራና በቀኙ አንዳንድ ፒክስል ባዶ ከተተወለት፤ ያለዚያ ከዓይኗ መስመሮች ጋር ይቀላቀላል። የምትነካው ቦታም ከሥዕሏ ትንሽ ይስፋ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዚያው መመሪያ 2.2 እትም ለሚነኩ ነገሮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 24 በ24 ፒክስል ነው።

የግሩፕ፣ ማለትም በአንድ ላይ የተጠቀለሉ ሌየሮች፣ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አንድ ግሩፕ ሲደበቅ በውስጡ ያሉት ሌየሮች የራሳቸው ዓይን ክፍት ሆኖ ሳለ አይታዩም። ዓይናቸውን መሰረዝ ውሸት ይሆናል፤ ግሩፑ ሲበራ እነሱም ይበራሉና። እንደነበረች መተውም ውሸት ነው፤ አሁን አይታዩምና። ማደብዘዝ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ክፍት ነገር ግን የደበዘዘች ዓይን «እኔ በርቻለሁ፣ ከላይ ያለው ግን ይዞኛል» ማለት ትችላለች። ማደብዘዝ ለተደበቀ ሌየር ሁሉ ከዋለ ግን ይህን ሦስተኛ ሁኔታ የምንናገርበት መንገድ አይቀረንም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውቲንግ ለሚማሩ ወጣቶች ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕና ክሪታ የሚባሉት የሥዕልና የምስል ፕሮግራሞች ኮዳቸው ለማንም ክፍት ስለሆነ የተሻለ ምልክት ሥሎ ማቅረብ ይቻላል፤ የራሳቸውን መተግበሪያ የሚሠሩም የሌየር ባይሆን የሌላ ነገር ዓይን መሣላቸው አይቀርም። የምለምናቸው ምልክቱን በአዲስና በደማቅ ስክሪን ላይ ብቻ እንዳይፈትኑት ነው። ብርሃኑ የተቀነሰ አሮጌ ላፕቶፕ በተከፈተ በር ፊት ያስቀምጡ፣ ምስሉን በወረቀት ሸፍነው ዝርዝሩን ብቻ ይተዉ፣ ከዚያም ሌየር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠርተው አሁን ቢታተም የትኞቹ እንደሚወጡ ይጠይቁት። ስሞቹን ሳያነብና ማውሱን ሳይነካ በጣቱ እየጠቆመ መመለስ ካልቻለ ምልክቷ እንደገና ትሣል።